ልብን በጣቷ ያዳመጠችው የሕፃናት ሐኪም

ስለ ሕፃናት የልብ ቀዶ ጥገና ታሪክ ሲወራ ሁሌም ወሬው የሚጀምረው ከኦፕሬሽን ክፍሉ ነው። ቢላውን የያዘው ዶክተር አለ፣ ከኋላው በርጩማ ላይ ቆሞ እየተንሾካሾከ የሚያርመው ጥቁር የላብራቶሪ ባለሙያ አለ፣ ታሪኩ እውነትም ልብ የሚነካ ነው አልክድም። እኔን ግን ሁሌ የምትገርመኝ ሦስተኛዋ ናት፣ ቢላም መርፌም ያልያዘችው፣ ሔለን ታውሲግ። ምክንያቱም ሁለቱ ወንዶች የመለሱትን ጥያቄ ይዛ የመጣችው እሷ ናት፣ ጥያቄውን ያገኘችው ደሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን ሊሞቱ ነው ተብለው የተተዉ ልጆችን ለዓመታት ቁጭ ብላ በማየት ነው። (አንቱ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ስለሷ ሳነብ ከመክረሜ የተነሳ እንደ ቤተሰብ ስለቀረበችኝ እሷ እያልኩ ልቀጥል፣ ይቅርታ።)

የተወለደችው 1898 ላይ ነው፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ቦታው አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለችው ካምብሪጅ። አባቷ የሃርቫርድ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበር፣ በዘመኑ ስሙ የገነነ፣ ስለዚህ የተማረ ቤት ልጅ ናት፣ የገንዘብ ችግር አልነበረባትም። የቸገራት ማንበብ ነው። ዲስሌክሲያ ነበረባት፣ ያኔ ደሞ ለእንዲህ አይነት ልጅ መምህራን የሚሰጡት ስም ሰነፍ ብቻ ነበር። አባቷ ነው ከጎኗ ቁጭ ብሎ በትዕግስት እያስጠናት ያሻገራት። 11 ዓመቷ ላይ እናቷ በቲቢ ሞተችባት። ያቺ ፊደል የሚደበላለቅባት ልጅ በኋላ የአንድ የሕክምና ዘርፍ ዋና መማሪያ የሆነ መጽሐፍ ጽፋለች፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ጨርሳ ሕክምና ልማር ስትል ነገሩ ተበላሸ። የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያኔ ሴት አይቀበልም። የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤቱ ደሞ የባሰ ነገር ነው ያላት፣ መማር ትችያለሽ ዲግሪ ግን አንሰጥሽም። እስቲ አስቡት፣ ተምረሽ ጨርሺ፣ ፈተናውን እለፊ፣ ከዛ ባዶ እጅሽን ሂጂ ነው እኮ ነገሩ! የሂስቶሎጂ፣ ማለትም የሰውነት ሥጋና ሕዋስ በማይክሮስኮፕ የሚጠናበት ኮርስ ብቻ ፈቅደውላት ወሰደች፣ እሱም ከወንዶቹ ተለይታ ብቻዋን እንድትቀመጥና እንዳታናግራቸው ተነግሯት ነው። ከዛ ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሄደች፣ እዛ አንድ የአናቶሚ መምህር የበሬ ልብ ሰጥቷት በዚህ ላይ ሥሪ አላት፣ የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፏ የወጣው ከዚያ ነው። የልብ ነገር እንዲህ ነው የጀመራት፣ በሰው ምክር፣ ትንሽ በአጋጣሚ።

ዲግሪ የሚሰጣት ቦታ ስትፈልግ ባልቲሞር ያለውን ጆንስ ሆፕኪንስ አገኘች። እዚህ ጋ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ሆፕኪንስ ሴቶችን ይቀበል የነበረው ከሌላው የተሻለ ልብ ስለነበረው አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሲል ገንዘብ አጠረው፣ ሜሪ ጋሬት የምትባል ሀብታም ሴት ደሞ የጎደለውን እሞላለሁ ግን ሴቶችን ከወንዶች እኩል ትቀበላላችሁ ብላ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፣ እነሱም ምን ያድርጉ፣ ተቀበሉ፣ 1893 ላይ ተከፈተ። ስለዚህ ታውሲግ የገባችበትን በር የከፈተችው ሌላ ሴት ናት፣ ያውም በብሯ። ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤቱን ለሴቶች የከፈተው 1945 ላይ ነው፣ ይቺን ዓመት ያዟት።

ሆፕኪንስም ቢሆን ግን ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልነበረም። 1927 ላይ ተመርቃ በውስጥ ደዌ ኢንተርን መሆን ፈልጋ ነበር፣ ቦታው ለሌላ ሴት ተሰጠና ሁለት ሴት ደሞ አንቀበልም ተባለ። ስለዚህ ወደ ሕፃናት ሕክምና ሄደች። እኔ ይሄንን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ ቀጥሎ ግን ያቺን ቦታ ብታገኝ ኖሮ የእነዚያ ሁሉ ልጆች ነገር ምን ይሆን ነበር አልኩ፣ በደሉ ትክክል ነበር ለማለት አይደለም፣ በደል በደል ነው።

1930 ላይ የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ ኤድዋርድስ ፓርክ ሃሪየት ሌን በሚባለው የሆፕኪንስ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ያለውን የልብ ክሊኒክ እንድትመራ ሾማት። በዛን ጊዜ ወደ ክሊኒኩ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ በሩማቲክ ትኩሳት፣ ማለትም ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣው በሽታ ልባቸው የተጎዳባቸው ናቸው፣ እሱን የሚከላከለው ፔኒሲሊን በሐኪም እጅ ገና የለም። ከልብ ጉድለት ጋር የተወለዱት ልጆች ጉዳይ ደሞ ለሐኪም የማይስብ ነገር ነበር፣ ምንም ስለማይደረግላቸው። ዶክተሮች ስለነሱ የሚያውቁት አብዛኛው ነገር ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው ሲከፈት የታየው ነው። ታውሲግም መጀመሪያ ብዙ ፍላጎት አልነበራትም፣ ገፋፍቶ ያስገባት ፓርክ ነው። አንድ ፍሉሮስኮፕ የሚባል የኤክስሬይ መሣሪያ ነበር፣ ልብ እየመታ እያለ ጥላውን ስክሪን ላይ የሚያሳይ፣ እሱ ፊት ልጆቹን አንዴ ከፊት አንዴ ከጎን እያዞረች ማየት ጀመረች።

እና በዚሁ ሰሞን ጆሮዋ እየደከመ ሄደ። የልብ ሐኪም ናት እኮ! የልብ ሐኪም ዋና መሣሪያው ስቴቶስኮፕ በሆነበት ዘመን፣ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) የለም፣ ሲቲ ስካን የለም፣ ምንም የለም፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ መስማት እያቃታት መጣ። ያደረገችው ነገር ነው እኔን ያስደነቀኝ። የሰው ከንፈር ማንበብ ተማረች፣ ድምፅ የሚያጎላ ስቴቶስኮፕ ሞከረች፣ ከሁሉ በላይ ግን እጇን አሠለጠነች። የልጁን ደረት በጣቶቿ ጫፍ ዳብሳ ደም በጠባብ ቦታ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ንዝረት ማወቅ ቻለች። ሌላው ሐኪም በጆሮው የሚሰማውን እሷ በጣቷ ታገኘዋለች። አብረዋት የሠሩት እንደሚመሰክሩት በዚህ መንገድ ሌሎች በማዳመጫ ያላገኙትን ሁሉ ታገኝ ነበር። ጆሮዋ ቢሰማ ኖሮ ይሄን ያህል አይኗንና እጇን ትጠቀም ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ፣ መልሱን ማንም አያውቀውም።

አሁን ወደ ሰማያዊዎቹ ልጆች። ከንፈራቸው፣ ጥፍራቸው፣ አንዳንዴ ሙሉ ፊታቸው የሚጠቁር፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ትንሽ ሲሮጡ ወይ ሲያለቅሱ ትንፋሽ የሚያጥራቸውና ራሳቸውን የሚስቱ ልጆች። ብዙዎቹ ላይ ያለው ችግር ፋሎ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም 1888 ላይ የገለጸው አራት ጉድለት በአንድ ላይ ነው። ወደ ሳንባ የሚሄደው መንገድ ጠባብ ነው፣ በልቡ ሁለት የታች ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፣ ትልቁ የደም ስር በቀዳዳው ላይ ተንፈራጥጦ ተቀምጧል፣ የቀኙ ክፍል ጡንቻ ደሞ በጠባቡ መንገድ ደም ለመግፋት ሲታገል ወፍሯል። ውጤቱ፣ ደሙ ሳንባ ደርሶ ኦክስጅን ሳይወስድ በቀዳዳው በኩል ተመልሶ ወደ ሰውነት ይሄዳል።

ታውሲግ ክሊኒኳ ውስጥ የምታየው ነገር ይሄ ነው፣ ልጆቹ ትንሽ ከተራመዱ በኋላ ቁጢጥ ይላሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ጉልበታቸውን አጥፈው ቁጢጥ ሲሉ በእግራቸው ያለው የደም ስር ስለሚጨመቅ ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም ተቃውሞ ይገጥመዋል፣ የተወሰነው ደም ተገፍቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ትንፋሻቸው ይመለሳል። የሁለት የሦስት ዓመት ልጅ ያለ ሐኪም ምክር ራሱ ያገኘው ሕክምና ማለት ነው። እሷ ይሄንን እንደ ምልክት ወሰደችው፣ አንድ ልጅ ቁጢጥ የሚል ከሆነ የትኛው ችግር እንዳለበት ትገምታለች። ከዚህም በላይ ግን ትልቅ ነገር ነግሯታል፣ እነዚህን ልጆች የሚገድላቸው የልብ መድከም ነው ሲባል የነበረው ልክ አይደለም፣ የሚገድላቸው ሳንባቸው በቂ ደም አለማግኘቱ ነው።

ቀጥሎ ያየችው የበለጠ ነው። ሕፃን ማህፀን ውስጥ እያለ ሳንባው ስለማይሠራ ከልብ የሚወጡትን ሁለቱን ትልልቅ የደም ስሮች የሚያገናኝ አጭር ቱቦ አለው፣ ዳክተስ ይባላል፣ ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ ይዘጋል፣ ለጤነኛ ልጅ መዘጋቱ ጥሩ ነው። እሷ ልጆቹን ስትከታተል ግን አንዳንድ ሰማያዊ ሕፃናት መጀመሪያ ደህና ሆነው ቆይተው ድንገት ሲብስባቸውና ሲሞቱ አየች፣ የሚብስባቸው ደሞ ያ ቱቦ ሲዘጋ ነው። ቱቦው ሳይዘጋ የቀረላቸው ይቆያሉ። እና በጣም ቀላል ጥያቄ ጠየቀች፣ ተፈጥሮ የዘጋችውን ቱቦ ሰው ለምን አይሠራላቸውም?

1938 ላይ ቦስተን ውስጥ ሮበርት ግሮስ የሚባል ወጣት ቀዶ ሐኪም ያለቦታው ክፍት የቀረ ዳክተስ በቀዶ ጥገና ዘግቶ ዓለምን አስደንቆ ነበር። ታውሲግ ወደሱ ሄደች፣ መዝጋት ከቻልክ መሥራትም ትችላለህ ብላ። አልተቀበላትም። እሱ ያኔ ዝነኛ የሆነው በመዝጋት ነው፣ እሷ የመጣችው ክፈት ብላ፣ የሰውየውን ፊት ማየት ነበር። ተመልሳ ባልቲሞር ቁጭ ብላ የሚሰማ ቀዶ ሐኪም ጠበቀች።

1941 ላይ አልፍሬድ ብላሎክ ከቫንደርቢልት ወደ ሆፕኪንስ የቀዶ ጥገና ኃላፊ ሆኖ መጣ፣ ብቻውን አልመጣም፣ ቪቪየን ቶማስ አብሮት መጣ። ቶማስ ናሽቪል ያደገ፣ አናፂ የነበረ፣ ሐኪም ለመሆን ገንዘብ ሲያጠራቅም በ1930ው የኢኮኖሚ ቀውስ ባንኩ ከስሮ ያጠራቀመው ሁሉ የጠፋበት ልጅ ነው። ብላሎክ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀጥሮ ቀዶ ጥገናን በእጁ ተማረ፣ ደሞዙ ግን በፅዳት ሠራተኛ ደረጃ ነበር። ሆፕኪንስ ሲመጣ ነጭ ጋውን ለብሶ ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያየው ነበር፣ ጥቁር ሰው እዛ የሚታወቀው በፅዳት ስለሆነ። ታውሲግ ለሁለቱ ሐሳቧን ነገረቻቸው፣ ቧንቧ ሠራተኛ መስመር እንደሚቀይረው የደም ስሩን መስመር ቀይራችሁ ወደ ሳንባ ብዙ ደም መላክ አለባችሁ አለች። የሚገርመው እነ ብላሎክ ከዓመታት በፊት ለሌላ ምርምር ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ስር ከሳንባው ጋር በውሻ ላይ አገናኝተው ያውቃሉ፣ ያኔ የፈለጉትን ውጤት አላገኙበትም ተብሎ ተትቶ ነበር። መልሱ ጥያቄውን እየጠበቀ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል። ቶማስ ወደ ሁለት መቶ በሚጠጉ ውሾች ላይ ሠርቶ ዘዴውን አስተካከለው፣ ለሕፃን የሚሆን ትንሽ መርፌ ስላልነበረ ራሱ እየቆረጠ እየሳለ ሠራው።

ኖቬምበር 29፣ 1944። የ15 ወር ሕፃን፣ ክብደቷ አራት ኪሎ ገደማ። ብላሎክ ይሠራል፣ ቶማስ ከኋላው፣ ታውሲግም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ልጅቷ ከኦፕሬሽኑ ተረፈች፣ በኋላ ግን ዳግም ታማ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተች፣ ብዙ ቦታ ይሄ ሳይነገር ይታለፋል። ሦስተኛው ታካሚ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበር፣ በ1945 መጀመሪያ። ማያዣው ሲፈታና ደሙ በአዲሱ መስመር ሲሄድ ከንፈሩ እዛው ጠረጴዛ ላይ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተለወጠ፣ ሁሉም በዓይኑ አየው። ጽሑፉ ግንቦት 1945 ላይ ታተመ፣ ሁለት ስም አለው፣ ብላሎክ እና ታውሲግ። የቶማስ ስም የለም። ይሄ በብላሎክ ላይ ብቻ ነው ብዙ ጊዜ የሚወራው፣ እሷም ግን የጽሑፉ ባለቤት ናት፣ ተጠያቂነቱ የሁለቱም ነው ባይ ነኝ። ሃርቫርድ ለሕክምና ሴት ተማሪ የተቀበለውም በዚሁ ዓመት መከር ላይ ነው፣ ያዟት ያልኳችሁ ዓመት ይቺ ናት።

ከዛ በኋላ ከየቦታው ወላጅ ልጁን ተሸክሞ ባልቲሞር ገባ፣ ከባህር ማዶም ሳይቀር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኦፕሬሽኑ ከሺህ በላይ ልጆች ላይ ተሠራ። ጋዜጦቹ የሚያወሩት ስለ ቀዶ ሐኪሙ ነው፣ ማን ይሠራ ማን አይሠራ፣ የትኛው ልጅ ይችላል የትኛው አይችልም የሚለውን ከዚያ ሁሉ ሰማያዊ ልጅ ውስጥ ለይታ የምትወስነው ግን እሷ ነበረች። ብላሎክ እዚያው 1945 ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። እሷ የሆነችው 1973 ላይ ነው። ሆፕኪንስ ሙሉ ፕሮፌሰር ያደረጋትም 1959 ላይ፣ ከኦፕሬሽኑ 15 ዓመት በኋላ። እኔ ምንም አልጨምርበትም፣ ቁጥሩን ብቻ እዩት።

ያ ቀደም ብዬ ያልኳችሁ መጽሐፍ 1947 ላይ ወጣ፣ ስለ ተፈጥሯዊ የልብ ጉድለቶች፣ በዓይኗ ያየችውን በእጇ የዳሰሰችውን ሁሉ ያሰፈረችበት። ከየአገሩ ሐኪሞች ሊማሩ ይመጡ ነበር፣ ዛሬ የሕፃናት ልብ ሕክምና የምንለው ዘርፍ በብዛት የተሠራው እሷ ጋ በተማሩት ነው። ልጆቹን ደሞ ከታከሙ በኋላ አትተዋቸውም፣ ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወጥታ እንኳ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ልጆች አድገው ምን ሆኑ፣ ተማሩ ወይ፣ ሥራ ያዙ ወይ፣ ወለዱ ወይ እያለች እየተከታተለች ትጽፍ ነበር። ራሷ አላገባችም፣ አልወለደችም።

የታሊዶማይድ ነገር ላይ ስደርስ ይቺን ሴት ለምን እንደዚህ እንደወደድኳት ይገባኛል። 1962 መጀመሪያ ላይ፣ 63 ዓመቷ ነው፣ አሎይስ ቦይረን የሚባል ጀርመናዊ የቀድሞ ተማሪዋ ሊጠይቃት መጥቶ እኛ ጋ እጅና እግር የሌላቸው ሕፃናት እየተወለዱ ነው፣ ምክንያቱ አንድ የእንቅልፍ መድሃኒት ነው እየተባለ ነው አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያሳዝናል ብሎ ሻዩን ይጠጣ ነበር። እሷ በቀናት ውስጥ አውሮፕላን ተሳፍራ ጀርመን ገባች፣ ክሊኒክ ለክሊኒክ እየዞረች ልጆቹን አየች፣ እናቶች ምን እንደወሰዱ ከሐኪሞቹ ጋር አጣራች። መድሃኒቱ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ከ1957 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጥ ነበር፣ እርጉዞችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር፣ ከገበያ የወጣው 1961 መጨረሻ ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ልጆች እንደተጎዱ ይገመታል።

አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻውን ከ1960 ጀምሮ ይዛ አላፀድቅም ያለችው ፍራንሲስ ኬልሲ ናት፣ የመድሃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ሐኪም፣ ኩባንያው እየወተወታት። ታውሲግ ከጀርመን እንደተመለሰች ያየችውን ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ነገረች፣ ለሐኪሞች ስብሰባ ተናገረች፣ ጻፈች፣ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርባ መሰከረች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አዲስ መድሃኒት ከመሸጡ በፊት በርግጥ እንደሚሠራ ማረጋገጫ የሚጠይቀው ሕግ ፀደቀ። እዚህም ላይ ያደረገችው ያው ነው እኮ፣ ሪፖርት እስኪመጣላት አልጠበቀችም፣ ሄዳ ልጆቹን አየች።

1964 ላይ ፕሬዝዳንት ጆንሰን የነፃነት ሜዳሊያ ሰጣት፣ 1965 ላይ የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት ሆነች። ስለ ሥዕሏም ልንገራችሁ፣ 1963 ላይ ጡረታ ስትወጣ ተማሪዎቿ ጄሚ ዋይት የሚባል ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ሠዓሊ ምስሏን እንዲሥል አደረጉ። ሥዕሉ ሲገለጥ ሰው ሁሉ ደነገጠ፣ የጠበቁት ደግ አያት የምትመስል ሴት ነው፣ ያገኙት ፍጥጥ ብላ የምታይ ኮስታራ ሴት። ለአሥርተ ዓመታት ከሰው ዓይን ተሰውሮ ተቀመጠ። እኔ ኢንተርኔት ላይ አየሁት፣ ግሩም ነው። እንደዛ ፍጥጥ ብላ ባታይ ኖሮ መች ይሄ ሁሉ ይገኝ ነበር።

በእርጅናዋም አላረፈችም፣ ፔንሲልቬንያ ሄዳ እየኖረች የወፎችን ልብ ታጠና ነበር፣ ልክ እንደ ሰው ልጅ ወፍም ላይ የልብ ጉድለት ስላገኘች ከየት እንደሚመጣ ልታውቅ። ግንቦት 20፣ 1986 ላይ ጓደኞቿን ለምርጫ ድምፅ ልታሰጥ በመኪናዋ ወስዳ ሲወጡ በደረሰ ግጭት ሞተች፣ 88 ሊሞላት አራት ቀን ሲቀራት። አስከሬኗን ለሆፕኪንስ አውርሳ ነበር። ቶማስ ከሷ ስድስት ወር ገደማ ቀድሞ ነው ያረፈው፣ ሆፕኪንስ 1976 ላይ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶት ነበር፣ አሁን ብዙዎች ኦፕሬሽኑን በሦስቱም ስም ነው የሚጠሩት፣ ብላሎክ ቶማስ ታውሲግ። እኔን ቢጠይቁኝ ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር።

ኦፕሬሽኑ አሁን በመጀመሪያው መልኩ ብዙም አይሠራም፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልብን ከፍቶ አራቱንም ችግር ማስተካከል ስለተቻለ፣ ግን ለዛ ገና ላልደረሱ ትንንሽ ሕፃናት በሰው ሠራሽ ቱቦ የሚሠራው የተሻሻለው ዓይነት ዛሬም አለ። ከሁሉ ግን የሚገርመኝ በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጣው ነው፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል መድሃኒት በደም ስር ከተሰጠ ዳክተሱ ሳይዘጋ እንዲቆይ ያደርጋል። ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ የተወለደና ሕይወቱ በዚያ ቱቦ ላይ የተንጠለጠለ ሕፃን በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ይሄ ድሪፕ ይሰቀልለታል፣ ቀዶ ሐኪሙ እስኪዘጋጅ ቱቦው ክፍት ይቆይለታል፣ ያ ታውሲግ ሲዘጋ ልጆች ሲሞቱ ያየችው ቱቦ።